እንጀራ ያበላው እጅ ለምን ይረሳል?

በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ለአሜሪካ ዜግነት ካመለከተች በኋላ የጣት አሻራ እንድትሰጥ ቀጠሮ ተላከላት። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ የሰንበት ልብሷን ለብሳ፣ ከሰዓቱ ቀድማ ደረሰች። ጣቶቿን በመሣሪያው መስተዋት ላይ አንድ በአንድ አሳረፈች። የቢሮው ሠራተኛ ጣቶቿን ጠረገችላት፣ አረጠበችላት፣ በራሷ እጅ ተጭና ደግማ ደጋግማ ሞከረች። መሣሪያው ግን አሻራ አልታየኝም አለ። "ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?" ተብላ ስትጠየቅ ነው ነገሩ የገባት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሆቴል መታጠቢያ ቤት ስትፈትግ የራሷንም ጣት አብራ ስትፈትግ ኖራለች።

ይህ የእሷ ብቻ ጉድ አይደለም። የጽዳት ሠራተኞች፣ ግንበኞች፣ ሳህን አጣቢዎች፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች አሻራቸው ደብዝዞ መሣሪያ አልቀበልም ሲላቸው የኖረ ነገር ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ደንብ እንደሚለው የአንድ አመልካች አሻራ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ካልተነበበ፣ አመልካቹ ምግባሩ በሚመረመርበት ዘመን ውስጥ ከኖረበት ቦታ ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ማምጣትና በመሐላ ቃሉን መስጠት ይጠበቅበታል። ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ነው። ሥራ ፍለጋ ከዳላስ ሲያትል፣ ከሲያትል አትላንታ ሲንከራተት ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ወረቀቱ በየፖሊስ ጣቢያው እስኪለቀም ወራት ያልፋሉ። ወንጀል የሌለበት ሰው ወንጀል እንደሌለበት ለማስረዳት ደጅ ይጠናል። ጥፋቱ ምን ነበር ቢባል፣ በእጁ ሠርቶ መብላቱ ነው።

መቼም የእጅና የጥፍር እንክብካቤ ሲነሣ ፈገግ የሚል አይታጣም። "ማኒኪር" የሚለው ቃል ለብዙው ወገን የሀብታም ሚስት ወሬ ነው። ቅዳሜ ማታ በምግብ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ አንዲት ልጅ እጇን በክሬም ስታሽ ብትታይ፣ "አንቺ ደግሞ! እንግዲህ ፈረንጅ ሆንሽ" የሚል አጎት ከጎኗ ብቅ ይላል። አጎት ግን የራሱን እጅ ቢመለከት ኖሮ ክሬሙን ነጥቆ ይቀባ ነበር። ቀኑን ሙሉ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ በብርድ ቆሞ፣ ሌሊቱን ታክሲ ነድቶ፣ የአውራ ጣቱ ጫፍ ተሰንጥቆ ሚጥሚጣ በነካው ቁጥር የሚያቃስት እሱ ነው።

ነገሩ ከፈረንጅ የተቀዳ አይደለም። አበሻ እንጀራውን በእጁ ቆርሶ ይበላል፤ የወደደውን ሰው በእጁ ያጎርሳል። ምግብ ሲጣፍጥ "እጅሽ ይባረክ" ይባላል። ገንዘብ የጎደለው "እጅ አጠረኝ" ይላል። አክባሪው "እጅ ይነሣል"። ከማዕድ በፊት ውኃ በማስታጠቢያ ቀርቦ እንግዳው እጁን እስኪታጠብ ወጡ አይወጣም ነበር። ጥፍሩ ሥር እድፍ ያዘለ ሰው ጉርሻ ሲዘረጋ ጎራሹ ምን እንደሚሰማው ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ በይሉኝታ ይጎረሳል እንጂ!

እናቶችም ቢሆኑ እጃቸውን ይንከባከቡ ነበር። የእንሶስላ ሥር ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ ተቀጥቅጦ በመዳፍና በጥፍር፣ በተረከዝም ላይ ተለብጦ ተጠቅልሎ ያድራል፤ ጠዋት ሲፈታ እጁ እንደ ደም ቀልቶ ይገኛል። ሳይንቲስቶች "ኢምፓሽየንስ ቲንክቶሪያ" የሚሉት ይህ ተክል የኢትዮጵያና የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ልጅ ነው። ለበዓልና ለሠርግ የሚደረግ ጌጥ ብቻም አልነበረም፤ ሴቶቹ የተሰነጠቀ ተረከዝንና በውኃ የተበላን የጣት መሐል ያደርቃል ብለው ይለብጡት ነበር። በሐረርና በሌሎችም አካባቢዎች ሂና ያንኑ ሥራ ሲሠራ ኖሯል። በቤት ውስጥ፣ በማታ፣ በዝምድና ወግ መሐል የሚደረግ የእጅ እንክብካቤ ማለት ይህ ነው። ስሙ "ማኒኪር" አይባል እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ጣልቃ ይግባ። በዓረብ አገሮችና በየከተማው ትርዒት ላይ "ጥቁር ሂና" እየተባለ የሚቀባው ነገር ሂና አይደለም። ንጹሕ ሂና ጥቁር አይሆንም፤ ቀይ ወይም ቡና ዓይነት ነው። ጥቁሩ በአብዛኛው የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተጨመረበት ሲሆን ቆዳን አቃጥሎ ውኃ ያስቋጥራል፣ ጠባሳም ይተዋል። አንዴ የተቆጣ ሰውነት ከዚያ በኋላ የፀጉር ቀለም በተቀባ ቁጥር ይቆጣል። ለሠርግ የተጋበዘች ልጅ ሁለት እጇ ተጠቅልሎ ሐኪም ቤት ስትገባ ማየት የሚያሳዝን ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ፣ ጥፋቱ ከዚያ ነውና። ቆዳ በላዩ ላይ የራሱ የሆነ ስስ ቅባት አለው። ሳሙና፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽና በረኪና (በዓረብ አገር ያሉት እህቶች ክሎሮክስ የሚሉት) ያንን ቅባት እያጠቡ ይወስዱታል። ቅባቱ ከሄደ ውኃው ራሱ ጠላት ይሆናል፤ ቆዳው ያብጣል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ በኩል ኬሚካሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጥፍርም እንዲሁ ነው። ውኃ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገም ጥፍሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በየንብርብሩ ይላቀቃል። ጀርመኖች ይህንን ከቁም ነገር ቆጥረውት እጁ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ በውኃ ውስጥ የሚውልን ሠራተኛ "የእርጥብ ሥራ" ሠራተኛ ብለው በደንብ ለይተው ጥበቃ እንዲደረግለት ያዛሉ። በፍራንክፈርት ወይም በሙኒክ ሳህን የሚያጥብ ወገን ይህን ማወቅ ይገባዋል። የተቆጣ እጅ እዚያ የሥራ በሽታ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ "አለርጂ ነው፣ ይለፈኝ" ብሎ ዝም የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

በአሜሪካም ቢሆን ሠራተኛው መብት የለውም ማለት አይደለም። ሥራው እጅን የሚጎዳ ከሆነ አሠሪው ተስማሚ ጓንት ማቅረብ አለበት። ከ2008 (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ጀምሮም ግዴታ የሆነውን የመከላከያ ዕቃ በራሱ ወጪ እንዲገዛ የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደንግጓል። ሆኖም ስንቱ ሰው ነው በየሳምንቱ ከኪሱ ጓንት የሚገዛው? "ሥራ አስኪያጁን ላስቀይም?" እየተባለ ስንት ጣት ተላጠ! ጓንት መጠየቅ ልመና አይደለም። የሚያሳፍረው አለመስጠቱ ነው።

ጓንት ሲባል ደግሞ ማንኛውም ጓንት አይደለም። የላቴክስ ጓንት ለአንዳንዱ ሰው ራሱ በሽታ ነው። ዱቄት ያለበት የሐኪም ጓንት በአሜሪካ ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ ተከልክሏል፤ ዱቄቱ ላቴክሱን በአየር እየበተነ ሰው ይጎዳ ስለነበር ነው። ናይትራይል የሚባለው ይሻላል። ለረጅም ሰዓት ሲለበስ እጅ በላብ ይዘፈዘፋልና ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት ማድረግ ይበጃል። ውስጡ እርጥበት የገባ ጓንት ከባዶ እጅ የባሰ ነው፤ ወዲያው መለወጥ አለበት። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ደግሞ ከእጅ አልፎ ሳንባ ይበላል። ይህን ያላወቁ ስንት ልጆች በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ታፍነዋል።

እንግዲህ ለቤቱ ሥራ። በሳምንት አንድ ማታ፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። "ጊዜ የለኝም" የሚል ሰው ቅዳሜ ማታ አንድ ቪዲዮ አይቶ የሚተኛ ሰው ነው።

መጀመሪያ ጥፍሩ ባዶውን ይታይ። የቆየ ኩቴክስ ካለ በትንሽ አሴቶን ይነሣ። (በነገራችን ላይ "ኩቴክስ" ብሎ ሁሉ የሚጠራው ነገር የአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ስም ነው። በ1911 ሲጀምር ይሸጥ የነበረውም ቀለም ሳይሆን የጥፍር ሥር ቆዳ ማስወገጃ ነበር።) ቀጥሎ እጅ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ይታጠብ። በሞቀ ውኃ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ግን ለደረቀ እጅ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ሳሎኖች የሚያደርጉት ለምቾቱ ነው። ከጥፍር ሥር ያለው እድፍ በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳ። በሹል ብረት መጎርጎር ጥፍሩን ከሥጋው ያላቅቀዋል፤ በተላቀቀው ክፍተት ፈንገስ ይገባና ከዚያ በኋላ ለማስወጣት ወራት ይፈጃል።

ጥፍር ከታጠበ በኋላ ለስልሶ ሳለ ቢቆረጥ አይሰነጠቅም። ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥና ዳርና ዳሩ በጥቂቱ ክብ ይደረግ። ጥግ ጥጉን ወደ ውስጥ መሸርሸር፣ በተለይ በእግር አውራ ጣት፣ ጥፍሩ ሥጋ ውስጥ እንዲበቅል ያደርጋል። ሞረዱ ግን የሚሠራው ጥፍሩ ሲደርቅ ነው፤ ያውም ወደ አንድ አቅጣጫ እንጂ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ አይደለም።

ዋናው ነገር የጥፍሩ ሥር ቆዳ ነው። ጥፍሩ ከጣት ሲነሣ ዙሪያውን የሚያያይዘው ያ ስስ ቆዳ ብዙዎች "ትርፍ" ነው ብለው በመቀስ ያነሡታል። ትርፍ አይደለም። የበር መዝጊያ ነው። ውኃና ጀርም ወደ ጥፍሩ መብቀያ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። እሱ ሲቆረጥ ጣቱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ መግል ይቋጥራል፤ ነገ ደግሞ ያው እጅ በረኪና ውስጥ ይገባል። በእርጥብ ፎጣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማለት ይበቃል። በጎን ተልጦ የቆመ ቆዳ ካለ በመቁረጫ ይነሣ እንጂ በጥርስ አይጎተት።

መጨረሻ ላይ ቅባት። ስለዚህ ጉዳይ በየመደብሩ የሚሸጠው ሁሉ ሃምሳ ዶላር ይሁን አምስት፣ ቫዝሊንን የሚያስንቅ ጥቂት ነው። እጅ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ጥፍሩንና ዙሪያውን ጨምሮ በወፍራሙ ይቀባና በላዩ የጥጥ ጓንት፣ ጓንት ከሌለ ንጹሕ ካልሲ ተጠልቆ ይታደር። ጠዋት የሚገኘውን ልዩነት ማንም በዓይኑ ያየዋል። ግሊሰሪንም ደህና ነው። እናቶች ግሊሰሪኑ ላይ ሎሚ ጠብ ያደርጉበት ነበር፤ ለተሰነጠቀ እጅ ግን ሎሚ ያቃጥላል፣ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። በዚህ በዚህ እናቶችን ማክበር ማለት ሁሉን መድገም ማለት አይደለም።

"የጥፍር ቪታሚን" ተብሎ በትልልቅ ጠርሙስ የሚሸጠው ባዮቲን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 እንዳስጠነቀቀው ብዙ ባዮቲን የሚውጥ ሰው የደም ምርመራው ሊሳሳት ይችላል፤ የልብ ድካምን ለማወቅ የሚደረገውም ምርመራ ጭምር። የሚውጥ ሰው ለሐኪሙ ይንገር። የእጅ ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ለመታደስ ግማሽ ዓመት ግድም ይፈጅበታል። በሁለት ሳምንት የሚያሳምር ኪኒን ስለዚህ የለም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ መነገር አለበት። በየአፓርታማው አራትና አምስት ሆነው የሚኖሩ ልጆች አንድ የጥፍር መቁረጫ በመስኮት ላይ አስቀምጠው ሁሉም ይጠቀምበታል። ቤተሰብም እንዲሁ። የጉበት በሽታ ቢ ቫይረስ ከሰው አካል ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ኢትዮጵያ ደግሞ ይህ በሽታ በስፋት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ የአሜሪካ ጤና ባለሥልጣናት እዚያ የተወለደ ሰው ሁሉ እንዲመረመር ይመክራሉ። ብዙው ተሸካሚ ምንም አያመውም፤ ሳያውቀው ይኖራል። ለአንድ ሰው አንድ መቁረጫ፣ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ያነሰ ነው። በወንድም ላይ መጠራጠር ነው ብሎ የሚቀየም ካለ ይቀየም። ላልተያዘ ሰው ክትባት አለ፤ ለተያዘም ክትትልና መድኃኒት አለ።

ስለ ጥፍር ቤቶችም ጥቂት ማለት ይገባል። በአሜሪካ ይህ ሥራ በቬትናሞች እጅ የገባበት ታሪክ ለስደተኛ ሁሉ የሚነገር ነው። በ1975 ከሳይጎን መውደቅ በኋላ በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አካባቢ በነበረ መጠለያ ተዋናይቷ ቲፒ ሄድረን ሴቶቹን ልትጎበኝ ስትመላለስ ጥፍሯን አይተው አደነቁ። እሷም የራሷን ባለሙያ አምጥታ ሃያ ያህሉን አስተማረች፤ ከዚያ የተነሣው ሥራ አገር አዳረሰ። ዋጋውም ረከሰና የቢሮ ጸሐፊዋም፣ አስታማሚዋም እንድትደርስበት ሆነ። ይህን ማድነቅ ይገባል።

ርካሽነቱን ግን የሚከፍል አለ። በ2015 ኒው ዮርክ ታይምስ በከተማው የጥፍር ቤቶች የሚሠሩ ሴቶች ደመወዛቸውን እንደሚነጠቁ፣ አንዳንዶቹ ሥራ ለመጀመር ራሳቸው እንደሚከፍሉ፣ በኬሚካሉም እንደሚታመሙ ከጻፈ በኋላ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ደንብ አወጣ። ቶሉዊን፣ ፎርማልዴሃይድና ዳይቡቲል ፍታሌት የሚባሉት ሦስት ነገሮች በጠባብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲተነፈሱ ምን እንደሚያደርጉ ደንበኛዋ ለአንድ ሰዓት ገብታ ስትወጣ አይገባትም። ዛሬ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያንም አሉ፤ ለእነሱ መስኮት መክፈት ከማስታወቂያ ይቀድማል። በደንበኛውም በኩል አደጋ አለ። በ2000 በካሊፎርኒያ ዋትሰንቪል ከተማ በአንድ ጥፍር ቤት እግራቸውን የተዘፈዘፉ ከመቶ በላይ ደንበኞች እግራቸው እባጭ በእባጭ ሆነ። ምክንያቱ ሲፈለግ የገንዳዎቹ ማጣሪያ ከኋላው በፀጉርና በቆሻሻ ታጭቆ፣ ጀርም ተራብቶበት ተገኘ። ከመሄዷ በፊት በምላጭ እግሯን የተላጨች ሴት የበለጠ ተጠቅታለች። ጥፍር ቤት የሚሄድ ሰው የራሱን ሞረድና መቁረጫ ይዞ ቢሄድ ነውር የለውም። ደህና ባለሙያ አይቆጣም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰሞኑን በኢንተርኔት እየተገዛ ወደ ቤት የሚገባው የጄል ጥፍር ዕቃ ነው። በትንሽ መብራት የሚደርቀው ይህ ፈሳሽ አክሪሌት በሚባሉ ኬሚካሎች የተሠራ ነው። በደንብ ሳይደርቅ ወይም ከጥፍሩ ወጥቶ ቆዳ ሲነካ ሰውነት ይቆጣዋል፤ የጣት ጫፍ ያሳክካል፣ ይላጣል፣ የዓይን ቆብ ሳይቀር ያብጣል። የብሪታንያ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ይህንን በይፋ አስጠንቅቋል። አለርጂው ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። ነገ ጥርስ ለማስሞላት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ለማስቀየር ሲታሰብ ሐኪሙ የሚጠቀምበት ማጣበቂያ ከዚያው ወገን ነውና ጣጣ ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት ዋነኛውን ኬሚካል ከባለሙያ በቀር ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት ወስኗል፤ ጄሉን የሚያደርቅ ሌላ ኬሚካልም ከመስከረም 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከልክሏል። የአሜሪካ ሕግ ተከትሎ አልከለከለም። የቤት ውስጥ እንክብካቤ ጥሩ ነው ማለት የቤት ውስጥ ፋብሪካ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ተራው ኩቴክስ ቢላጥ ቢላጥ በጥጥ ይነሣል።

በሽተኛና አረጋዊ የሚንከባከቡ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ ረጅሙን ሰው ሠራሽ ጥፍር ቢተዉት ይሻላል። በ2002 የወጣው የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል መመሪያ በጠና የታመመ ሰው የሚነኩ ሠራተኞች ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳያደርጉ፣ የተፈጥሮውም ከ6 ሚሊ ሜትር ያህል እንዳይረዝም ይላል። ጀርም ከሥሩ ይሸሸጋል፣ ጓንት ይቀድዳል፣ የሽማግሌ ስስ ቆዳም ይቧጭራል። በወጣትነት ማማር ክፉ አይደለም። ግን የሰው እናት የምታጥብ እጅ ለዚያች እናት ማሰብ አለበት።

ጥፍር በሳምንት አንዴ ባዶውን ይታይ የተባለው ለሌላም ምክንያት ነው። በጥቁር ሕዝብ ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚወርድ ቡናማ መስመር ብዙ ጊዜ የሚታይና ጉዳት የሌለው ነው፤ በተለይ በብዙ ጣቶች ላይ ካለ። በአንድ ጥፍር ብቻ፣ ካደጉ በኋላ አዲስ የመጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ወይም ወደ ጥፍሩ ሥር ቆዳ የተሻገረ መስመር ግን ቶሎ ለቆዳ ሐኪም መታየት አለበት። ቦብ ማርሊን የገደለው ካንሰር በ1977 በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የተገኘ ነው። በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ የተባለው ይህ ሰው በግንቦት 1981 ሲሞት ገና 36 ዓመቱ ነበር። ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም የሚለው ወሬ ሰው ይገድላል። በዓመት ሙሉ ከማይነሣ ጥቁር ቀይ ቀለም ሥር ማን ምን ያያል? ጥፍሩ እንደ ማንኪያ የጎደጎደም የብረት እጥረት ሊሆን ይችላልና ደሙን ይመርመር።

ይህ ሁሉ የሴት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መወሰዱም ትክክል አይደለም። በዕቃ ማጠቢያው ፊት የቆመው፣ በነዳጅ ማደያው ክረምቱን የሚያሳልፈው፣ ሞተር ፈትቶ የሚገጥመው ወንድ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። የሚስቱን ቫዝሊን ተደብቆ የሚቀባ ባል ስንት አለ! በግልጽ ይቀባ። ልጆቹም ጥፍራቸውን የሚነክሱት አባትና እናት እጃቸውን ሲያከብሩ ስላላዩ ይሆናል። አንድ ማታ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ባል የሚስትን፣ ሚስት የባልን እጅ ይዘው ቢቀባቡ ከእንሶስላው ማታ ያልራቀ ነገር ይሆን ነበር። "በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል" የሚለው ተረት ለእጁ ራሱም የተነገረ ይመስላል።

ወደ መጀመሪያዋ እህት እንመለስ። ጓደኞቿ አንዱ የአሻራ መስመሩን በመርፌ አስፈልጊው ሲላት፣ ሌላው ጠበቃ ያዢ ሲላት ሰነበቱ። የሚያውቅ ሰው የመከራት ግን ቀላል ነበር። የአሻራ መስመር መሠረቱ ከላይኛው ቆዳ ሥር ነው፤ ላዩ በኬሚካልና በመፈተግ ቢያልቅም እጁ ለጥቂት ሳምንታት ካረፈና ከረሰረሰ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። ማታ ማታ ቫዝሊንና ካልሲ፣ ቀን ቀን ከጥጥ ጓንት በላይ ናይትራይል። በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ግን እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ቅባት ሳትነካ መሄድ አለባት፤ ቅባት ያለበት ጣት መስተዋቱ ላይ ይንሸራተታልና። ለሁሉም ብላ ከኖረችባቸው ሁለት ከተሞች የፖሊስ ወረቀት መጠየቅ ጀምራለች።

ጓንቱን ግን ከሥራ ቦታዋ መጠየቅ ፈራች። አሥራ ስድስት ዓመት ጠይቃ አታውቅማ! ባለፈው ሰኞ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ፣ ኤልሳልቫዶራዊት ናት፣ እጇን ይዛ ወደ ኃላፊው ቢሮ ይዛት ገባች። ሁለቱም እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ኃላፊው ሁለት ሣጥን ጓንት አወጣላቸው፤ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ሁለተኛው የአሻራ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።